«ተቀይረሻል» አሉኝ፤ አደግኩ ወይስ ወረድኩ?

የዚህ ሳምንት ደብዳቤ የደረሰን በሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ ከሆነችና ደብረ ብርሃን አካባቢ ተወልዳ ካደገች ወጣት ነው። ደብዳቤው ረጅም በመሆኑና ማንነቷን የሚገልጡ ነገሮችም ስላሉበት አሳጥረን፣ ዋና ዋናውን በራሷ አገላለጽ አቅርበነዋል።

«ለምክር ዓምድ አዘጋጅ፤ እንደምን ሰነበቱ? የመጀመሪያውን ሴሚስተር ጨርሼ ለእረፍት ወደ ቤተሰቦቼ ሄጄ ነበር። በደረስኩ ማግስት አባቴ ጎረቤቶቻችን ባሉበት ‹እስቲ ይህን ሁሉ ጊዜ ምን ተማርሽ?› ብለው ጠየቁኝ። የምመልሰው ጠፍቶኝ ዝም አልኩ። እናቴ ደግሞ ደጋግመው ‹ተቀይረሻል› አሉኝ። ወደ ሐዋሳ ስመለስ ደብተሬን አውጥቼ፣ ያደግኩበትንና የወረድኩበትን ለይቼ ጻፍኩ።

«ያደግኩበት ያልኩት ይህ ነው። ማልቀስ አቁሜያለሁ። ማንንም አላስቸግርም። ኅዳር ላይ ኃይለኛ ብርድ ብርድና ትኩሳት ይዞኝ፣ ለማንም ሳልናገር ሦስት ቀን ተኝቼ በራሴ ዳንኩ። ከቤት ሲደወል ሁልጊዜ ‹ሁሉም ደህና ነው› ስለምል አይጨነቁብኝም። የወረድኩበት ያልኩት ደግሞ ይህ ነው። ሁልጊዜ አንደኛ እወጣ የነበርኩት ልጅ ጂፒኤዬ 2.85 ሆነ። በሒሳብ የመጀመሪያው ቴስት ከ20 ያገኘሁት 6 ነው፤ በመጨረሻ ሲ ሆነልኝ። እሱም ቢሆን በሪሜዲያል ያለፈች የዶርሜ ልጅ ማታ ማታ ስላስረዳችኝ ነው። ድሮ ሰው እኔን ይጠይቀኝ ነበር፤ ዛሬ እኔ ጠያቂ ሆንኩ። ክፍል ውስጥ እጄን አውጥቼ ‹አልገባኝም› እስከማለት ደርሻለሁ። ቤተ ክርስቲያን መሄድም ቀንሻለሁ። ሕክምና የመማር ሐሳቤ የራቀ መስሎኛል። ሁለቱን ሳስተያያቸው የወረድኩበት በዛብኝ። እውነት ወርጄ ነው? ለአባቴስ ምን ልበላቸው? በነገራችን ላይ ገበያ ስወጣ በሲዳምኛ ዋጋ መጠየቅና መከራከር ለምጃለሁ፤ እናቴን ያሳቃቸው ይኸው ብቻ ነበር።»

ውድ እህቴ፣

መልሴን ሳላዘገይ ልንገርሽ። የጻፍሻቸው ነገሮች ሁሉ እውነት መሆናቸውን አልጠራጠርም፤ ሆኖም ብዙዎቹ ያለቦታቸው ተቀምጠዋል። «የወረድኩበት» ብለሽ ከመዘገብሻቸው መካከል ቢያንስ ሁለቱ በዚህ ሴሚስተር ካደረግሻቸው ሁሉ የሚበልጡ ናቸው። በኩራት «ያደግኩበት» ብለሽ ካሰፈርሻቸው ውስጥ ደግሞ አንዱን ሳነብ ደንግጫለሁ፤ እሱን ወደ ኋላ ላይ በሰፊው አነሣዋለሁ።

በቅድሚያ የአንደኝነቱን ነገር እንመልከት። በትምህርት ቤትሽ አንደኛ ስትወጪ የምትወዳደሪው በሠፈርና በወረዳ ከተሰባሰቡ ልጆች ጋር ነበር። አሁን አብረውሽ የተቀመጡት ግን በብሔራዊ ፈተና ተለይተው የመጡ ናቸው። የ12ኛ ክፍል ፈተና በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ ውስጥ መሰጠት የጀመረው በ2014 ዓ.ም. ትምህርት ዘመን ሲሆን፣ በዚያ ዓመት ከተፈተኑት መካከል ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ያህሉ ብቻ ነበሩ፤ በ2015 ደግሞ 3.2 በመቶ፣ በ2016 5.4 በመቶ። ከየትምህርት ቤቱ አንደኛና ሁለተኛ ይወጡ የነበሩ ልጆች በአንድ አዳራሽ ሲሰበሰቡ ከመካከላቸው አንደኛ የሚሆነው ያው አንድ ሰው ነው፤ የቀሩት ሁሉ በአራት ወር ውስጥ ደነዙ ሊባል አይችልም። አንቺ የያዝሽው እውቀት አልቀነሰም፤ እንዲያውም ጨምሯል። የተለወጠው ራስሽን የምታስተያዪባቸው ሰዎች ማንነት ነው።

ይህ ስሜት አንቺን ብቻ የሚያጠቃ እንዳይመስልሽ። ኸርበርት ማርሽና ጆን ፓርከር የተባሉ የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች በአውስትራሊያ አካሂደው እ.ኤ.አ. በ1984 ባሳተሙት ጥናት፣ ችሎታቸው እኩል የሆነ ተማሪዎች እንኳ የክፍል ጓደኞቻቸው ጎበዝ በሆኑበት ትምህርት ቤት ሲማሩ ስለ ራሳቸው ችሎታ ያላቸው ግምት ዝቅ እንደሚል አሳይተዋል፤ ግኝቱ ከዚያ በኋላ በብዙ አገሮች ተደጋግሞ ታይቷል። እንግዲህ «ወረድኩ» የሚለው ስሜት ጎበዞች መካከል መቀመጥ የሚያመጣው የታወቀ ስሜት ነው። ስሜቱ መምጣቱን መከልከል አይቻልም፤ እንደ ማስረጃ ቆጥሮ ደብተር ላይ ማስፈር ግን ስሕተት ነው።

አሁን ወደ ዶርምሽ ልጅ ልምጣ፤ ደብዳቤሽን ሳነብ ልቤ የቀረው እዚህ ላይ ነውና። በአገላለጽሽ ውስጥ «በሪሜዲያል ያለፈች» የምትለው ሐረግ ለምን እንደገባች ራስሽን ጠይቀሽ ታውቂያለሽ? «የዶርሜ ልጅ አስረዳችኝ» ብትዪ ነገሩ በሙሉ ይገባኝ ነበር። ሐረጓን የጨመርሻት ውርደትሽ ምን ያህል እንደሆነ ልታሳዪኝ ነው። እኔ ግን ሌላ ነገር አየሁባት። ያቺ ልጅ በብሔራዊው ፈተና የማለፊያውን ነጥብ ባለማምጣቷ እንደገና ተምራና እንደገና ተፈትና ነው አንቺ ያለሽበት ክፍል የደረሰችው። ካንቺ ቀደም ብላ የዩኒቨርሲቲን ሕይወት ቀምሳለች፤ ወድቆ መነሣት ምን እንደሚጠይቅም ታውቃለች፤ ከሁሉም በላይ ደግሞ አንድን ነገር ያልገባው ሰው እንዴት አድርጎ እንደሚገባው ታውቃለች። አንቺ አስራ ሁለት ዓመት ሙሉ ቶሎ ሲገባሽ ስለኖርሽ ያን የመጨረሻውን እውቀት የምታገኚበት አጋጣሚ አልነበረሽም። በሒሳቡ ኮርስ የፕሮፖዚሽናል ሎጂክ ትሩዝ ቴብል (የዓረፍተ ነገሮችን እውነትነትና ሐሰትነት የሚያሳየው ሠንጠረዥ) ከፊትሽ ተዘርግቶ አልገባ ሲልሽ፣ ምናልባት በሕይወትሽ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ምን እንደሚደረግ የማታውቂበት ቦታ ላይ ቆምሽ። ከዚያም ምን አደረግሽ? ጠየቅሽ። የጠየቅሽው ደግሞ መጠየቁ ከሁሉ የሚከብድሽን ሰው ነው።

ከ20 6 አግኝታ የጀመረች ተማሪ ሲ ይዛ የወጣችው በቀሪዎቹ ፈተናዎች ከመጀመሪያው እጅግ የተሻለ ሠርታ መሆን አለበት፤ አለዚያ ቁጥሩ አይሞላም። ይህን ራስሽ ልታሰዪው ትችያለሽ። አንቺ ግን የሴሚስተሩን መጨረሻ ሲ ከ12ኛ ክፍል ውጤትሽ ጋር ስታወዳድሪ፣ በጥቅምትና በጥር መካከል የሄድሽው መንገድ ከዓይንሽ ተሰወረ። የዚህን ሴሚስተር እድገት ማየት የፈለገ ሰው ማወዳደር ያለበት የጥቅምቷን አንቺን ከጥሯ አንቺ ጋር ነው።

በመጀመሪያው ዓመት ክሪቲካል ቲንኪንግ የሚባል ኮርስ እንዳለሽ አውቃለሁ። እስቲ እዚያ በተማርሽው ዘዴ ይህን ሙግት መርምሪው፦ «ከእኔ ያነሰ ውጤት ካመጣች ልጅ ተማርኩ፤ ስለዚህ ወረድኩ።» መነሻው መደምደሚያውን ይደግፋል? በመካከላቸው ያልተነገረ ሌላ መነሻ ተደብቋል፤ እሱም «እውቀት መቀበል የሚገባኝ ከሚበልጠኝ ሰው ብቻ ነው» የሚል ነው። በግልጽ ጽፈሽ ብታዪው አንቺም የማትስማሚበት ይመስለኛል። እጅሽን አውጥተሽ «አልገባኝም» ማለትሽንም በዚሁ አገባብ ተመልከቺው። በትልቅ አዳራሽ፣ በማታውቂያቸው ተማሪዎች መካከል፣ ያውም በእንግሊዝኛ «አልገባኝም» ማለት በአገራችን ብዙ ሰዎች ተመርቀው እስኪወጡ ድረስ ያልደፈሩት ነገር ነው። ይህን «የወረድኩበት» ከሚለው ሰርዘሽ ወደ ሌላኛው ዝርዝር እንድታሻግሪው እጠይቅሻለሁ።

ስለ ጂፒኤው ብዙ አልልም፤ ነገር ግን አላባብልሽም። 2.85 አሳፋሪ ውጤት አይደለም። ለመመረቅ የሚጠየቀው አጠቃላይ አማካይ 2.00 ነው። ሕክምና ለሚፈልግ ሰው ግን 2.85 ይበቃል ብዬ ብነግርሽ መዋሸት ይሆንብኛል፤ ወደ ሕክምና የሚደረገው ፉክክር ብርቱ ነው። የሁለቱ ሴሚስተሮች ክሬዲት ቢቀራረብና በሁለተኛው 3.75 ብታመጪ አጠቃላይ አማካይሽ 3.30 ይሆናል፤ 3.25 ብታመጪ 3.05 ይሆናል። ምደባው መቼና በምን መስፈርት እንደሚካሄድ፣ የብሔራዊ ፈተና ውጤትሽስ ምን ያህል ድርሻ እንዳለው ከዓመት ዓመት ሊለዋወጥ ስለሚችል፣ ከዶርም ወሬ ይልቅ በቀጥታ ከሬጅስትራር ጠይቂ። በዚያውም ከሕክምና ቀጥሎ የምትወጃቸውን ሁለት የትምህርት ክፍሎች አስቀድመሽ አስቢባቸው፤ ቅጹ ሲመጣ በአንድ ሌሊት የሚሞላ ነገር እንዳይሆንብሽ። ስለ ቤተ ክርስቲያን የጻፍሽውን ደግሞ ከእኔ ይልቅ ከንስሐ አባትሽ ጋር ብትነጋገሪበት ይሻላል፤ እኔ በዚያ ጉዳይ ምክር ለመስጠት ሥልጣኑም እውቀቱም የለኝም።

ወደ አስደነገጠኝ ነገር ልመለስ። «ኅዳር ላይ ኃይለኛ ብርድ ብርድና ትኩሳት ይዞኝ፣ ለማንም ሳልናገር ሦስት ቀን ተኝቼ በራሴ ዳንኩ» ብለሻል፤ ይህንንም ከእድገትሽ ቆጥረሽዋል። እህቴ፣ አንቺ ያደግሽበት ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል በላይ ከ2,700 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ የሚገኝ ደጋ ነው። ሐዋሳ ግን በስምጥ ሸለቆ ውስጥ፣ ሐይቅ ዳር፣ 1,700 ሜትር ገደማ ላይ ናት። በአገራችን ወባ በብዛት የሚገኘው ከ2,000 ሜትር በታች ባሉ አካባቢዎች ሲሆን፣ ዋነኛው የስርጭት ወቅቷም ክረምቱ እንዳለፈ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ያለው ጊዜ ነው። ይህም ከደጋ የመጣ የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ በግቢ ከሚያሳልፋቸው የመጀመሪያ ወራት ጋር የሚገጣጠም ነው። ወባ ባለበት አካባቢ ተደጋግሞ የታመመ ሰው ሰውነቱ በመጠኑም ቢሆን መከላከልን ይለምዳል፤ ከደጋ የወጣ ሰው ግን ያ ልምድ ስለማይኖረው ሕመሙ ሊበረታበት ይችላል። ፋልሲፓረም የሚባለው ዓይነት ሕክምና ካላገኘ በጥቂት ቀናት ውስጥ ለሕይወት ሊያሰጋ ይችላል። ቫይቫክስ የሚባለው ደግሞ ጉበት ውስጥ ተደብቆ ቆይቶ ከሳምንታት ወይም ከወራት በኋላ ሊያገረሽ ይችላል። የያዘሽ ወባ ይሁን፣ ታይፎይድ ይሁን፣ ተራ ጉንፋን ይሁን እኔ ልነግርሽ አልችልም፤ ሳይመረመር ያለፈ ስለሆነ አንቺም ልታውቂው አትችዪም። በአጋጣሚ አለፈልሽ እንጂ ያዳነሽ ጥንካሬሽ አይደለም።

እንግዲህ በዚያ ሦስት ቀን ውስጥ በዶርሙ የነበሩትን ልጆች አስቢያቸው። ከመካከላቸው አንዷ ሒሳብ የምታስረዳሽ ልጅ ነበረች። እያፈርሽም ቢሆን ፎርሙላ የጠየቅሻት ልጅ፣ «ክሊኒክ አድርሺኝ» ለማለት ግን አልተመቸችሽም። ይህ ለምን ሆነ ብዬ አሰብኩ። የደረስኩበትም ይህ ነው፤ ከቤት ስትወጪ «ራስሽን ቻዪ» ተብለሽ ነው የወጣሽው፤ ትርጉሙንም ማንም ሳያብራራልሽ «ምንም አያስፈልገኝ» ወደሚል ተረጎምሽው። በሒሳቡ ጊዜ ውጤት ስላስገደደሽ ከዚያ ትርጉም ወጣሽና ይኸው ተለወጥሽ። በሕመሙ ጊዜ ግን የሚያስገድድ ፈተና ስላልነበረ በዚያው ትርጉም ጸናሽ። ራሱን የቻለ ሰው የማስበው ክሊኒኩ የት እንደሆነ፣ ስንት ሰዓት እንደሚከፈት፣ ሌሊት ቢብስበት ማንን እንደሚቀሰቅስ አስቀድሞ የሚያውቅን ሰው ነው። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» የሚሉት አባቶች ስለ ሥጋ ሕመም ብቻ የተናገሩ አይመስለኝም።

ስለዚህ ሁለተኛው ሴሚስተር ከመሟሟቁ በፊት አንድ ነገር አድርጊ። የዚያችን ልጅ ወላጆች ስልክ ቁጥር ተቀበያት፤ የወላጆችሽንም ስጫት። ማናችሁም ብትታመሙ ሌላዋ ወደ ክሊኒክ እንድትወስድና ወደ ቤት እንድትደውል ተስማሙ። ዶርሙን ለምትቆጣጠረው ፕሮክተርም ብትነግሯት መልካም ነው። ብርድ ብርዱና ትኩሳቱ ከተመለሰ በዚያው ቀን ተመርመሪ፤ ለሚመረምርሽም ባለሙያ በኅዳር ታመሽ ሳትታከሚ እንደቀረሽ ሳትደብቂ ተናገሪ፤ ለሕክምናው የሚጠቅም መረጃ ነው።

የእናትሽ «ተቀይረሻል» ማለትም ከዚሁ ጉዳይ ጋር የተያያዘ ይመስለኛል፤ ግምት ቢሆንም እነግርሻለሁ። አራት ወር ሙሉ በስልክ የሰሙት «ሁሉም ደህና ነው» የሚል አንድ ቃል ብቻ ነው። ከዚያ ልጃቸው ስትመጣ ብዙ ነገር እንደደረሰባት ከፊቷ ያነባሉ፤ ምን እንደደረሰባት ግን አያውቁም። እናት በስልክ ድምፅ ብቻ ልጇ መብላትና አለመብላቷን ታውቃለች ይባላል፤ እሳቸውም አልተጨነቁም ብለሽ የምታስቢው ጭንቀታቸውን ደብቀውሽ ሊሆን ይችላል። እንዲህ ከሆነ ሁለታችሁም አንዱ ለሌላው ሲል ዝም ብሎ ከርሟል ማለት ነው። ያለሽን ችግር ሁሉ በየቀኑ በስልክ አፍስሺባቸው አልልም፤ 400 ኪሎ ሜትር ርቆ ያለ ሰው ሊረዳ የማይችለውን ነገር በሰዓቱ መስማቱ ያሠቃየዋል። ነገር ግን የሆነውን ከተደረገለት መፍትሔ ጋር አያይዘሽ መናገር ትችያለሽ። «ሒሳቡ ከብዶኝ ነበር፤ አንዲት ጓደኛዬ እያስረዳችኝ ነው» ብትያቸው ከ«ሁሉም ደህና ነው» ይልቅ እንቅልፍ ይሰጣቸዋል፤ አጠገብሽ ሰው እንዳለ አወቁ ማለት ነውና። ማልቀስ ማቆምሽን በተመለከተ፣ የሚያስለቅስ ነገር ስለጠፋ ከሆነ እሰየው፤ እንዳትታዪ ብለሽ ከሆነ ግን ከ«ያደግኩበት» ዝርዝር ውስጥ ለጊዜው አውጪው።

እስካሁን ያልኩሽ ሁሉ በደብዳቤሽ ላይ የተመሠረተ ነው። ራስሽን በትክክል ለመመዘን ብትፈልጊ ግን ትዝታሽን ብቻ እንድታምኚ አልመክርሽም። አን ዊልሰንና ማይክል ሮስ የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2001 ባወጡት ጥናት ሰዎች አሁን የተሻሉ ሆነው ለመታየት ሲሉ የቀድሞ ማንነታቸውን ከነበረው በታች አሳንሰው እንደሚያስታውሱ አሳይተዋል። አንቺ ዘንድ ደግሞ ተቃራኒው የደረሰ ይመስለኛል፤ የ12ኛ ክፍሏን ልጅ ከነበረችው በላይ አግዝፈሽ ታስታውሻታለሽ። በሁለቱም በኩል ትዝታ ታማኝ ምስክር አይደለም። ስለዚህ ማስረጃ ሰብስቢ፤ በእጅሽ ብዙ አለሽ። የጥቅምት ወር ደብተርሽንና የጥር ወር ደብተርሽን ጎን ለጎን ክፈቻቸው፤ መጀመሪያ ላይ መምህሩ የተናገረውን በሙሉ ለመገልበጥ ስትሯሯጪ የጻፍሽው ገጽና ኋላ ላይ ነጥቡን ብቻ ለይተሽ የያዝሽው ገጽ መለየቱ አይቀርም። በቴሌብር የላክሽውንና የከፈልሽውን ዝርዝር ወደ ኋላ ተመልሰሽ ተመልከቺ፤ ከቤት የተላከልሽ ብር በመጀመሪያው ወር በስንት ቀን እንዳለቀ፣ በመጨረሻው ወር በስንት ቀን እንዳለቀ ቀኑ ከነቁጥሩ ተመዝግቦልሻል። ከጓደኞችሽ ጋር በቴሌግራም የተጻጻፍሽውንም አንብቢ፤ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ያስጨነቁሽ ጥያቄዎች፣ ካፌ የት ነው፣ የክፍሉ ኮድ ምን ማለት ነው፣ ሀንድአውት ከየት ይገኛል የሚሉት፣ ዛሬ ሊያስቁሽ ይችላሉ። እነዚህ ጥቃቅን ነገሮች ናቸው፤ ያም ሆኖ በራስሽ ላይ የምትሰጪው ፍርድ በእነሱ ላይ ቢቆም ይሻለዋል።

ከዚያ ጻፊ፤ ግን በዝርዝር መልክ አይሁን። በሁለት ረድፍ መጻፍ ሁሉን ነገር ወይ ትርፍ ወይ ኪሳራ ያደርገዋል፤ ብዙ ነገር ደግሞ ሁለቱንም ነው። ጀምስ ፔኒቤከር ከባልደረቦቻቸው ጋር እ.ኤ.አ. በ1990 ባሳተሙት ጥናት 130 ያህል የመጀመሪያ ዓመት የኮሌጅ ተማሪዎችን በሁለት ከፍለው፣ ግማሾቹ ኮሌጅ መግባታቸው ያሳደረባቸውን ሐሳብና ስሜት በተከታታይ ሦስት ቀን፣ በየቀኑ 20 ደቂቃ እንዲጽፉ አደረጉ፤ የቀሩት ስለ ተራ ጉዳይ ጻፉ። በቀጣዮቹ ወራት ስለ ስሜታቸው የጻፉት ታምመው ሐኪም ዘንድ የሄዱበት ጊዜ ከሌሎቹ ያነሰ ሆኖ ተገኘ። የቤት ናፍቆታቸው ግን በመጻፋቸው አልጠፋም። ይህን የምነግርሽ መጻፉ ጭንቀትሽን በአንድ ሌሊት ያስወግደዋል ብለሽ እንዳትጠብቂ ነው። ላይብረሪ ውስጥ ጥግ ይዘሽ ብትጽፊ ይሆናል፤ ባይሆን ከሰዓት በኋላ በሐዋሳ ሐይቅ ዳር ወዳለው ፍቅር ሐይቅ ወደሚባለው ቦታ ወርደሽ ጻፊ። (በነገራችን ላይ በዚያ ሁሉ ደብዳቤ ውስጥ ስለ ሐይቁ አንድም ቃል አልጻፍሽም። አራት ወር ሐዋሳ ኖሮ ሐይቁን አለማንሣት ከዶርም፣ ከክፍልና ከላይብረሪ ውጭ እንዳልወጣሽ ይነግረኛል፤ እሱንም አስቢበት።)

ከሁሉም ያስደሰተኝን ወደ ማብቂያው አካባቢ አስቀመጥኩት፤ አንቺም እንደዚያው አድርገሻልና። «በነገራችን ላይ» ብለሽ በሲዳምኛ ዋጋ መጠየቅና መከራከር እንደለመድሽ ጽፈሻል፤ በየትኛውም ዝርዝርሽ ውስጥ ግን አላገባሽውም። ሐዋሳ የሲዳማ ክልል ዋና ከተማ ብትሆንም በገበያዋ አማርኛ ብቻ ይዞ ያሻውን ገዝቶ መመለስ ይቻላል። ማንም አላስገደደሽም፤ ፈተና የለውም፤ ግሬድም አይሰጥበትም። ቃላቱን ስትሳሳቺ ቲማቲም ሻጯ ስቃብሽ ሊሆን ይችላል፤ አንቺ ግን በሚቀጥለው ቅዳሜ ተመልሰሽ ሄደሻል። በሒሳብ ክፍል መሳሳትን እንደ ውርደት የቆጠረችው ልጅ በገበያ መካከል፣ በማታውቀው ቋንቋ፣ እየተሳሳተች ተማረች። በዚህ ሴሚስተር ማን እየሆንሽ እንደመጣሽ ለማወቅ ብፈልግ ከጂፒኤሽ ቀድሜ የማየው ይህንን ነው።

ለአባትሽ ምን ትበያቸው? መጀመሪያ ጥያቄያቸውን በደንብ እናስተውለው። «ስንት አመጣሽ?» አላሉሽም፤ «ምን ተማርሽ?» ነው ያሉሽ። አንቺ ግን የሰማሽው የመጀመሪያውን ጥያቄ ስለነበረ በ2.85 አፍረሽ ዝም አልሽ። ጎረቤት በተሰበሰበበት መልስ መስጠት ለማንም ይከብዳል፤ ስለዚያ ዝምታ ራስሽን አትውቀሺ። አሁን ለብቻቸው ደውዪላቸው። በሒሳብ የጀመርሽበትንና የጨረስሽበትን ውጤት ንገሪያቸው፤ ማን እንዳስረዳችሽም ጨምረሽ ንገሪያቸው፤ ከቻልሽ «ሪሜዲያል» የምትለውን ቃል ሳታነሺ። ሕክምና ሊገኝም ላይገኝም እንደሚችል፣ ሌላ ምን እንዳሰብሽ አስረጃቸው፤ አባት ልጁን ሐኪም ብሎ ለጎረቤት ከተናገረ በኋላ ከሌላ ሰው ከሚሰማው አስቀድሞ ከአንቺ ቢሰማው ይመርጣል። ስለ ኅዳሩ ሕመምም አትደብቂያቸው። ይቆጡ ይሆናል። ይቆጡ፤ ቁጣቸው እስኪበርድ ጠብቀሽ የዶርምሽን ልጅ ስልክ ቁጥር አስመዝግቢያቸው።

አንድ የቀረ ነገር አለ። እንቅልፍሽ ወይም የምግብ ፍላጎትሽ ለሁለት ሳምንት ያህል ቢጠፋ፣ ወይም ትምህርቱም ሰውም ሁሉም ነገር ትርጉም ቢያጣብሽ፣ ይህ ዓምድ አይበቃሽም። በግቢያችሁ የተማሪዎች አገልግሎት ጽሕፈት ቤት የምክር አገልግሎት የት እንደሚሰጥ ጠይቂና ሂጂ፤ ብቻሽን መግባት ከከበደሽ ያቺን ልጅ እስከ በሩ አስከትያት።